የእትዬ ይርገዱ ዋይፋይ

ሌሊቱ ስድስት ነው፤ ካዛንቺስ ተኝቷል፣
የኔ ቤት መስኮት ግን ሰማያዊ በርቷል።
አሮጌው ቶሺባ፣ ክዳኑ የላላ፣
ከቀትር ጀምሮ የሰባት ዓመቱን ጠራርጎ ሲበላ፣
አጠገቡ ሆኜ "እሺ" "ቀጥል" "እሺ" ስለው አመሸሁ፤
አዲስ ነፍስ ዘራሁበት፣ እኔ ግን አረጀሁ።

ሲነሣ አማረበት።
ግድግዳው ላይ ሜዳ፣ አረንጓዴ ተራራ፣ ሰው የሌለበት።
"እንኳን ደህና መጣህ" አለኝ፣ በገዛ ቤቴ፤
ረስቶኛል እኮ፣ ከነስሜ፣ ከነጓደኝነቴ።
ከታች በስተቀኝ ግን፣ እንደ ማራገቢያ የምትዘረጋው፣
የዋይፋይ ምልክቷ፣ ቦታዋ ባዶ ነው።

አጥፍቼ አበራሁት።
የአውሮፕላን ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ተጭኜ ለቀቅሁት፣
ባትሪውን አውጥቼ፣ አቧራ እንደገባው ዓይን እፍ እፍ አልኩት።
ምንም።

ለምንተስኖት ደወልኩ፣ ለእህቴ ልጅ፤ ፒያሳ ኮምፒውተር ይጠግናል።
"ጋሼ፣ ካርዱ ደህና ነው፣ ድራይቨሩ ነው የጠፋው" ይላል።
"ድራይቨር?"
"ሾፌር በለው። ታክሲው ቆሟል፣ ሞተሩ ይሠራል፣
ረዳቱ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ይላል፣
መሪው ጋ ሰው የለም።"
"ሾፌሩን ታዲያ ከየት ላምጣ?"
"ከኢንተርኔት ይወርዳል።"
ሣቄ ሳልፈልግ ጮኾ ወጣ።
የሣጥኑ ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎ፣
ክፈትና አውጣው ይለኛል፣ ድምፁ በእንቅልፍ ተጣጥፎ።

ሥራዬ ትርጉም ነው፤ ጠዋት በሁለት ተኩል
አርባ ገጽ ውል ካልላክሁ፣ የወሩ ኪራይ ገደል።
ስልኬን በኬብል ከጎኑ አሰርኩት እንደ ገበያ በግ፣
የሌሊት ጥቅል ገዛሁ በቀረችኝ ሒሳብ፤ ሌላ ምን ላደርግ?
ሾፌሩ በጠብታ ወረደ። ሦስት ከመቶ። ዘጠኝ። ቆመ።
ውሻ ጮኸ። ደግሞ ቀጠለ፣
ጉልበቱን እንደሚያመው ሽማግሌ ቁልቁለቱን እያዘገመ።
መቶ ሲሞላ፣ ማራገቢያዋ ጥጓ ላይ ብቅ፤
በካልሲዬ ጨፈርኩ፣ የታችኛው ፎቅ እንዳይሰማኝ ስጠነቀቅ።

ዝርዝሩ ተዘረጋ፤ ሰፈሩ በየስሙ ከጨለማ ወጣ፦
"ጌጡ ሁለተኛ ፎቅ"፣ "ራሃ ፔንሲዮን"፣ "የራስህን ግዛ"፣ "ሌባ አይምጣ"።
ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ጣቴን አስከትዬ ፈለግሁ፤
"ይርገዱ" የሚለውን፣ አምስት ዓመት የሠራሁበትን ስም፣ አጣሁ።

እትዬ ይርገዱ፣ ከሕንፃችን ጀርባ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፣
የይለፍ ቃሉን በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ፣ መጥታ ከቤቴ፤
የሟች ባሏ ስም ነው፣ ከሞተበት ዓመት ጋር። ስጽፈው ያፍር ነበር ጣቴ።
ክፈል ብላኝ አታውቅም። ደብዳቤ ብቻ፣ ለመብራት ኃይል፣ ለወረዳ፣
"ጻፍልኝ" ትል ነበር እየሳቀች፣ "ያው የዋይፋይ ዕዳ"።

ቅዳሜ ለቀቀች። ግቢው ለመንገድ ተፈለገ ተብሎ፣
አይሱዙ መጣ፤ ፍሪጇን የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ይኸው ወገቤ አኩርፎኝ ውሎ።
ቡፌውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የደምሰውን ፎቶ፤
ትንሿን ራውተር ግን፣ ባለ ሁለት አንቴናዋን፣
በዘንቢል ይዛት ወጣች፣ ማንም ሳያያት ከቶ።

እሑድ "አልተገናኘም" አለኝ። ሰኞም እንደዚያው።
"ይኸ ማሽን አርጅቷል" አልኩ። ሰደብኩት።
ዛሬ ሁሉን ደመሰስኩት፤
ፍሪጁን በጀርባዬ ያወጣሁ ሰውዬ፣
አብሮት ምን እንደሄደ አላሰብኩት።

መስኮቱን ከፈትኩ። አረንጓዴ ቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ድንጋይ፣
ክንዱን አጥፎ የተኛ ኤክስካቫተር፣ ከላዩ ሰፊ ሰማይ።

ሲነጋ ውሉን ላክሁ፣ በስልኬ፣ በዚያው ገመድ።
ከዚያ ደወልኩላት።
"ውይ ልጄ! ኮንዶሚኒየሙ ደህና ነው፣ ውሃ ብቻ የለውም፤
ያቺን ዕቃ ቡፌው ላይ ሰካኋት፤ መብራቷ ቀይ ነው፣ አይጠፋም።
ምን ሆና ነው?"
መስመሯ እዚህ ቀረ፣ ከምሰሶው ላይ ተቆርጦ ይወዛወዛል፣ ልላት ነበር።
"ሾፌሯ ጠፍቶ ነው፣ እትዬ። እሑድ መጥቼ አያታለሁ።"
"ና፣ ና። ወገብህስ?"
"ድኗል" አልኳት፣ ግድግዳ ይዤ ቀስ ብዬ እየተቀመጥኩ ሳለሁ።