ወንዝ የገባ ርስት

ምስጥና እርጥበት ናቸው ባልደረቦቼ፤
እኔ ስጽፍ እነሱ ሲበሉ አርጅቼ፣
ከፓድማ ወንዝ ዳር፣ ከመሬት መዝገብ ቤት
ጡረታ ልወጣ ቀረኝ ጥቂት ሌሊት።

መጀመሪያ የመጡት ባለ ቆቡ ነጮች
ሰንሰለት አስያዙ ለመንደሩ ልጆች።
አያቴ ጎኩልም አንዱን ጫፍ ይዞ ነው
ከረግረግ ረግረግ አገር ያስለካው፤
ደመወዙ አንድ አና፣ ምርቃቱ አልቅት።
ያኔ የሰመሩት ድንበር፣ ከፀጉር የቀጠነ፣
ስንት ወንድማማች ያገዳደለ ሆነ።

ባለጉልቱ ዘሚንዳር ሄደ፣ ባንዲራ ወረደ፣
ሌላ ባንዲራ ወጣ፣ እሱም ተቀደደ፤
ማኅተም ተቀየረ፣ ቋንቋው ተቀየረ፣
አርሶ የሚገብረው ግን ያው እንደ ነበረ።

የሞተ በቀይ ነው የሚሰረዘው፣
የሸጠ በሰማያዊ፤ ድንበር ተሻግሮ የሄደው
በእርሳስ ነው፣ በስሱ፤ ምናልባት ቢመለስ።
የአጎቴም ስም አለ፣ በዚያው በስስ እርሳስ።

ሱርጆባኑን ላንሳ።
በየዓመቱ ቦይሻክ ሲገባ፣ በጠዋት፣
ከሳሪዋ ጫፍ ላይ የቋጠረቻት
ሳንቲም ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ ትዘረግፋለች፤
«የሁለት መቶ ዐሥራ አራት ግብር» ትላለች።

ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት
ወንዙ ከበላው ሃያ ሁለት ዓመት።
የማንጎ ዛፎቹ ከነሥራቸው ሄዱ፣
የባሏ መቃብር፣ አጥሩም አብረው ተናዱ፤
አሁን እዚያ ማሳ ጀልባ ነው የሚያርሰው፣
መረቡን ዘርቶ ዓሣ ነው የሚያጭደው።

«አክስቴ፣» እላታለሁ፣ «ውሃ አይገብርም፤
ሕጉ ነጻ አውጥቶሻል፣ ዕዳ የለብሽም።»
«ዕዳ መች አልኩህ ልጄ? ደረሰኝ ነው ያልኩህ፤
ወንዝ የወሰደውን ይመልሳል፤ ሰው ነው የማይመልስልህ።»

ልክ ነች። ሠላሳ ዓመት ነው ሕጉ የሚታገሳት፤
ደለሉ እዚያው ብቅ ካለ፣ ርስቷ ነው፣ የሷው ሀብት።
ግን ደለሉ ሲወጣ፣ ገና ጭቃው ሳይደርቅ፣
ባለዱላው ቀርከሃ ተክሎ ይላል፦ ማንም አይዝለቅ።

እና ከመዝገቡ ኅዳግ፣ ሕግ ባያዘኝም፣
«መጣች» ብዬ ጻፍሁ፤ ሌላ አልጨመርሁም።
ሃያ ሁለት «መጣች» ተደርድሮ ቁልቁለት፣
ልክ አያቴ እንደጎተተው እንደዚያ ሰንሰለት።

ትናንት ኢሽቲያክ መጣ፣ ኮምፒውተር ታቅፎ፣
የመቶ ዓመት ገጽ ሊያስገባ ገልፎ ገልፎ።
ጎበዝ ልጅ ነው። ምስጥ አይፈራም።
«አጎቴ፣» አለኝ ግን፣ «ኅዳግ የሚባል ሳጥን የለም።»

«የመሬቱ ዓይነት?» ማሳ፣ ግቢ፣ ኩሬ እያለ
ወረደና ወረደ፣ «ወንዝ» ላይ ተንጠለጠለ።
«ባለቤት?» ዝም አልሁ፤ ከዚያ ስሟን ጠራሁለት፤
ፊደል በፊደል ለቀመው፣ ሳይጠይቅ ምክንያት።

ሁለት ቢጋ ፓድማ፣ ከነሞገዱ፣ ከነዓሣው፣
በሱርጆባኑ ስም ነው ትናንት የተጻፈው።

ሣቄ መጣ። ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ።
ማታ በጀልባ ወደ ቤቴ ስሻገር፣ መሐል ላይ ደነገጥሁ፤
ሳላስፈቅዳት ርስቷን አቋረጥሁ።