ከማን መጣ?

ሦስተኛው ወረቀት ከትምህርት ቤት መጣ፤
ከካንዴላ ቦርሳ፣ ከዳቦ ጋር ወጣ።
"ውድ ወላጆች" ይላል፣ ስም አይጠራም ደግሞ፤
የማን ልጅ እንደሆን ሰፈር ያውቃል ቀድሞ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሮዛሪዮ ከተማ፣
እህል ጫኝ መርከቡ ሲያጓራ ሚሰማ
ከወንዙ ዳር መንደር።
የካቲት ሲጋመስ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ፣
ነጭ ጨርቅ ስለካ፣ ነጭ ጨርቅ ስቀድ፣
የሰፈሩን ልጆች ትከሻ በሙሉ
በሜትሬ አውቃለሁ፣ ዘንድሮ ስንት አከሉ።
እዚህ አገር ተማሪ፣ ያለውም የሌለው፣
ትምህርት ቤት ሲሄድ ነጭ ጋውን ነው ልብሱ፤ ያ ነው።
"ነጩ እኩል ያደርጋል" ይላሉ መምህራን፤
ነጩ ላይ ግን ጥቁር ይታያል በብርሃን።

እሑድ ማታ ማታ ካንዴላን ጉልበቴ
መሃል አስቀምጬ፣ መብራቱን ከፊቴ፣
ኮምጣጤ ቀብቼ፣ ፀጉሯን በየመስመር
ከፍዬ ከጆሮዋ ጀርባ ስጀምር፣
ቅጫሙ እንደ ሰሊጥ ከዘለላው ጠብቆ
ሚዶው ቢጎትተው አይወርድም ተላቅቆ።
ቅማሉን ጨርቁ ላይ አንድ በአንድ ሳራግፍ
"አስራ ሰባት!" ትላለች፤ ይህንንም በጽሑፍ
ደብተሯ ጀርባ ላይ ትመዘግባለች፣
ካለፈው እሑድ ጋር ታስተያያለች።
(ሒሳብ ትወዳለች።)

መድኃኒት ገዛሁኝ፣ ዋጋው የጣቃ ያህል፤
ትራሱን፣ አንሶላውን ቀቀልኩት እንደ እህል።
አሻንጉሊት ድቡን ላስቲክ ውስጥ አስሬ
በረንዳ ሰቀልኩት፣ ሁለት ሳምንት ቆጥሬ።
"ይታፈናል" ብላ አልቅሳ ተኛች፤
ሌሊት ተነሥታ ላስቲኩን በመርፌዬ በሳች።
ሰባት ቀን ጠፋና፣ በስምንተኛው ቀን
ማንኪያዋን አስቀምጣ ስታክክ ራሷን።

"ከማን ነው?" አልኩና መልሱን እኔው ሰጠሁ፤
ከላውታሮ ነዋ! አብረው ሲስቁ አየሁ፣
ራስ ለራስ ገጥመው፣ ስልክ ላይ ጎንብሰው፤
ፀጉሩን እናቱ መቁረጥ የማታውቀው።
እናቱ ራሞና፣ የዓሣ ነጋዴ፤
አምስት ልጅ ባንድ አልጋ ይተኙ የለም እንዴ?
ቅማላም አላልኩትም። ለጋውን ሲመጣ
"ክር አልቋል" አልኩት፤ ቆሞ ቆሞ ወጣ።
ከኋላዬ ሞልቷል የነጭ ክሩ መደብ፤
አየው። ልጅም ቢሆን ዓይን አለው የሚያነብ።

ሰኔ ገባ፤ በረደ። አራተኛው መጣ።
ላውታሮ በደጄ ድምፁ እንኳን ከታጣ
ሁለት ወር አልፎታል።
ያን ማታ ካንዴላ "ተራው ያንቺ ነው" አለች፤
ወንበር ላይ ወጥታ ሚዶዬን ነጠቀች።
ስቄ አንገቴን ሰጠሁ፣ ጨዋታ መስሎኝ፤
"አትነቃነቂ!" በራሴ ቃል ገሠጸችኝ።
ዝም አለች።
ቆየች።
"እማ፣
ደብተሬን አቀብዪኝ።"

ስንት እንደጻፈች ለማንም አልነግርም።
የልጅ ራስ ሳበጥር የኔን ያየ የለም።
ስፒል አፌ ይዤ፣ ሜትር አንገቴ ላይ፣
ሰላሳ ሕጻናት ስለካ በጠዋት፣ በቀትር፣ በሠርክ ላይ፣
ራሴን ከራሳቸው አስጠግቼ ኖሯል።
ማን ከማን ወሰደ? ማንስ ይህን ያውቃል።

ያደረ ጨርቅ ነበር፤ በአምናው ልኩ ሰፋሁ።
ሚዶዬን በኪሴ፣ ጋውኑን በክንዴ ይዤ ተሻገርሁ።
ራሞና ከፈተች፣ እጇ ዓሣ ዓሣ ይላል።
ፀጉሬን አየች እንጂ "ምን ፈለግሽ" መች ብላል።
"ታናሹን ስትለኪ ላውታሮ አይቶ ኖሯል፤
'ከተሰማ' አለኝ፣ 'ደንበኛዋ ይቀራል።'"
አምፖሏ ሥር ወንበር ስባ አስጠጋችና
"ቁጭ በይ፤ ከዚያ እኔን" አለችኝ።

ሰኞም ወረቀቱ ይመጣ ይሆናል።
ላውታሮ ጋውኑን ለበሰ።
እጅጌው ክንዱ ላይ ቀረ፤ ሁለት ጣት ያጥራል፤
ሳላየው አድጓል ለካ።
"አምጣው ላስረዝመው" አልኩት፣
"ክር አለኝ።"