ስድስት ዳዶ

ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፣ ነፋስ አቧራ ከሚደፋበት፣
አንድ አይሱዙ ክሪክ ላይ፣ ሾፌሩ ምሳ ሄዶበት፣
ጎማ ስፈታ ደረሰ መምህር ሂርጳሳ፤
ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ ማስተማር ግን አልረሳ።

"ቆይ" አለኝ፤ ከኮቱ ኪስ ቁራጭ ጠመኔ አውጥቶ፣
ከስድስቱ ዳዶ የላዩን በነጭ ቀብቶ፣
"ሞዞው ፀሐይ ይሁንልህ፤ ይሄ ደግሞ ጁፒተር፣
አሥራ ሁለት ዓመት የሚፈጅበት አንዴ ለመዞር።
ከፊቱ ያለውን ዳዶ እይ፤ ስድሳ ዲግሪ ይርቃል፣
ከኋላው ያለውም እንዲሁ ስድሳውን ይጠብቃል።
እዚያና እዚያ ድንጋይ አለ፣ እልፍ፣ ደቃቅ ደቃቅ፣
በግዙፉ መንገድ የሚሄድ፣ ሳይቀርበው፣ ሳይርቅ።"

"አይጋጩም?"

"የት ተገናኝተው! የፊቱ አያመልጥ፣ የኋላው አይደርስ።
ተቸንክረው ግን አይምሰልህ፤ ሄድ ይላሉ፣ መለስ፣
እንደ ላላ ዳዶ።"

እኔ ቁልፌን ይዤ ዝም።
ጋራው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ይዞራሉ፣
አንዱ አንዱን ሳይነካ።

አባቴ ተሳቢ ነጂ ነበር፤ ሲስቅ መስኮት የሚነዝር።
እሱ ከጅቡቲ ሲገባ ሌንጂሳ ወንድሜ ወጥቷል፤
እኔ ከሥራ ስደርስ የአባቴ ወንበር ብቻ ይሞቃል።
ሦስታችን አንድ ገበታ የቀረብንበትን ቀን
ልቁጠር ብል ጣት ይተርፈኛል።

አሁን ሌንጂሳ መተሐራ ነው፤ እሱም ጎማ ይነፋል።
በእኔ ደጅ ያለፈ መኪና በእሱም ደጅ ያልፋል፤
እኔ ያጠበቅሁትን እሱ ይፈታል።
አንዳንዴ ይደውላል፦
"ምን በልተህ ነው እንዲህ ያሰርከው?" ይላል።
ሌላ አናወራም።

"ጁፒተር ቢጠፋስ?" አልኩት መምህሩን።
ጠመኔውን በጣቱ አዟዟረ።
"ያኔማ ይበተናሉ" አለ፤
"ከፀሐይዋ ጋር ሆኖ መንገድ የያዘላቸው
የእሱ ክብደት ነበረ።"

አባቴ ከሞተ ባለፈው ጥቅምት አሥራ ሁለት ዓመት ሞላው።
በግዙፉ አቆጣጠር
ገና ሙት ዓመቱ ነው።

ሾፌሩ ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ።
ነጩ ዳዶ ጥርሱ ተበልቷል፤ ባጠብቀው ባጠብቀው ይሾራል።
"ተወው፣ ቸኩያለሁ" አለኝ፣ "በአምስትም ይሄዳል።"

አምስቱን አጠበቅሁ።
ባዶ በቀረው ብሎን ዙሪያ
ቸርኬው ላይ በጠመኔ ክብ ሠራሁ።
ዝናብ ካልቀደመው ሌንጂሳ ማታ ያየዋል።

ደውሎ "የምን ክብ ነው?" ቢለኝ፣
"ዳዶ ጎድሎ ነው" እለዋለሁ።
ትንሽ ዝም ይላል፣
"አውቃለሁ" ይላል።