የተደገመችው ሰዓት

ስልኬ ጮኸ እሁድ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣
ብሬመን ተኝታ፣ ቬዘር ብቻ ሲሄድ።
«ሄር ይታገሱ» አለች፣ «ፕሮግራምዎ አበደ፤
ሁለተኛው ልጅ ፊተኛ ተወለደ።»
(ስሜን በጠራች ቁጥር «ታገሥ» እንደምትለኝ
አታውቅም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅ።)

አዋላጇ ዊብከ ናት፣ ድምጿ እንደ ጨው ደረቅ፤
መንታ ተቀብላለች፣ ታናሽ እና ታላቅ።
ልጅቷ ስትመጣ፣ ሁለት ከሃምሳ ስምንት፤
ወንድሟ ሲከተል፣ ስምንት ደቂቃ ዘግይቶ፣
የግድግዳው ሰዓት ሦስት ደፍ ላይ ደርሶ፣ ወደኋላ ሸሽቶ፣
መዝገቡ ላይ ሰፈረ፦ ሁለት ከስድስት።

በማርች የሰረቃትን ያችን አንድ ሰዓት
አውሮፓ በኦክቶበር ይመልሳታል፣ እንደ ተጸጸተ ሌባ፣ በሌሊት።
ተኝቶ ላደረ ሰው፣ ምርቃት ናት፣ ትርፍ ናት፤
ለምታምጥ ሴት ግን
ሌሊቱን ያስረዘመች ናት።

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፣ እግሬ በካልሲ ቀዝቅዞ፤
መስመሩን አገኘሁት፣ ስህተቱን አርግዞ፦
ሁለት ዲ፣ ሁለት ኤም፣ አራት ዋይ፣ በመሀል ነጥብ፣
ያኔ ስጽፈው ያማረኝ፣ አጭር፣ ንጹሕ፣ የሚነበብ።

ትልቁ ኤም ወር ነው፣ ትንሹ ኤም ደቂቃ፤
አንዴ አምታትቼው፣ አንድ ሽማግሌ ካልጋው ሲነቃ
ቀጠሮው ታትሞ መጣለት፣ «በአርባ አምስተኛው ወር»።
«ዶክተሮቹ» አለ፣ «ያን ያህል ልኖር
ተስፋ አላቸው ማለት ነው?» ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤
ወሩ ዐሥራ ሦስት ከሆነ አገር መጥቼ፣ በወር ቁጥር አላፌዝም።

ያች ሰዓት በእኔ ቤት፣ በልቤ አቆጣጠር፣
ከሌሊቱ ስምንት ናት፤ ጥቅምት ዐሥራ አምስት ሊሻገር፣
ለኪዳነ ምሕረት አጥቢያ።
«አጥቢያ» ለምንላት፣ ለዚያች የጨለማ መሻገሪያ፣
ፊደል አልሰጧትም፤ ዲ አይይዛት፣ ኤችም አይደርስባት፤
ሌሊቱ ለሚነጋው ቀን ዕዳ እንዳለበት
ማሽን አያውቅም። የሚያውቀው መደርደር ነው፦
ስድስት ከሃምሳ ስምንት ያንሳል፤
ያነሰው ይቅደም ይላል።

«አባትየው ይጠይቃል፣ ታላቅየው ማን ነው ይላል»፤
ከዊብከ ኋላ ሕፃን ያለቅሳል፣
አንዱ ይሁን ሁለቱ፣ መለየት አልቻልኩም።
«ያዩትን ይንገሩኝ» አልኳት።
«ልጅቷ ናት። በዚህ እጄ ተቀበልኳት፤ አልጠራጠርም።»

ወረድኩ ወደ ሥሩ፣ ቅርጽ ወዳልነካው፣
ሰከንድ በሰከንድ፣ ዝም ብሎ ወደ ተለካው፤
እዚያ የበጋ ሰዓት፣ የክረምት ሰዓት የለም፤
እህት ትቀድማለች፣ ወንድም ይከተላል፤ ማንም አልዋሸም።
የዋሸው ልብሱ ነው፤ እኔ የሰፋሁት፣
እንዲያምር ብዬ ጫፉን የቆረጥኩት።

መለስኩለት ጫፉን፦ ለልጅቷ «ሲደመር ሁለት»፣
ለወንድሟ «ሲደመር አንድ»፤ ለካ ይህች ናት፣
በኪሎ ሽንኩርት የማትገዛ፣ እዚህ ግባ የማትባል ቁራጭ፣
የብኩርና ዳኛ!

ዊብከ አመሰገነች፤ ልትዘጋ ስትል ግን
«ለመሆኑ» አለች፣ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?»
ስልኬ አንድ ይላል፤ የግድግዳዬ ሰዓት፣ ያልመለስኩት፣ ሌላ።
መስኮቱን አየሁ፦ ዝናብ፣ ባዶ ትራም፣ ያልጠፋ መብራት።

«አጥቢያ ነው» አልኳት
በአማርኛ።
ምን ማለት ነው አላለችም።
«ጥሩ» አለች፤ ጻፈችው መሰለኝ።