ማዘዣው ላይ ያልጻፍኩት

ዓርብ ነው በብሩክስ፣ ዐሥር ሰዓት አልፏል፤
ነፋሱ የሥጋ ፋብሪካውን ጠረን በበሩ ያስገባል።
የመጨረሻው ሰው ገባ ጉንጩን ይዞ፣
ሦስት ሌሊት ያልተኛ፣ ፊቱ ተክዞ።
ደርበው ነው ስሙ፤ በፋብሪካው ወለል በሬ የሚበልት፣
ቢላው የሚያውቅለት ጅማትና አጥንት።
«ያቺን ቀይና ቢጫ ጻፊልኝ» አለኝ፣ ሳይቀመጥ ገና፣
«ባለፈው በመጋቢት አድናኛለችና።»

አዳነችው እንዴ?
የጻፍኩለትማ እኔው ነበርኩ፣ በዚሁ በእጄ፤
የሚጠብቀኝ ሰው በዝቶ ኮሪደሩ ላይ፣
«ሰባት ቀን ዋጣት» ብዬ፣ ጥርሱን እንኳ ሳላይ።

አሁን ግን መብራቱን ወደ አፉ አቀናሁ፤
ከታች፣ ከኋላ ሁለተኛው፣ ጉድጓዱን አየሁ።
በእንጨቷ ነካ ሳደርገው ከወንበሩ ዘለለ።
አንገቱን ዳበስኩ፤ እብጠት የለ፣ ትኩሳት የለ፤
አፉ ይከፈታል፤ ምራቁን ይውጣል፤
ታዲያ ያቺ ኪኒን ለማን ትታዘዛል?
ነርቩ እየሞተ በተዘጋ ቤት፣ ደም በማይዘልቅበት፣
መድኃኒቱ በየት በር ይግባለት?

«አይሆንም» ስለው ጥርሱን ነከሰ ሊቆጣ፤
ያው ጥርሱ ቀጣው፤ እንባው መጣ።

ዝም አልን።
«ደርበው፣» አልኩት ቆይቼ፣ «በሰንሰለቱ ተንጠልጥሎ
መግል የቋጠረ ሥጋ ቢመጣ፣ ምን ታደርጋለህ?»
«መስመሩ ይቆማል። ተቆጣጣሪው ይጠራል። ተቆርጦ ይወጣል።»
«ጨው ነስንሳችሁ አታሳልፉትም?»
«ምን ነካሽ ዶክተር፣ ውስጡ እየሸተተ?»
አለና፣ በገዛ መልሱ አፉ እንደተከፈተ
ቀረ።

ገባው። ግን መግባት ብቻ መች ይበቃል?
ክንዱ ቢሰበር፣ ሆዱ ቢቆረጥ፣ ይህ አገር ይከፍላል፤
ጥርስ ግን የጎረቤት ንብረት ይመስል ከቆዳ ውጭ ይቆጠራል።
የመሥሪያ ቤቱ መድኅን ሊጀምርለት ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።
ኪኒኗ በዐሥራ ሁለት ዶላር፣ መንቀሉ በሦስት መቶ፤
እርካሹን በሚመርጥ ሰው ማን ይፈርዳል ከቶ?

ስልኩን አነሳሁ።
የጥርስ ሐኪሙ ጸሐፊ፣ ሎሬን፣ ካርታ እንደሚበውዝ ሰው ወረቀት ስታገላብጥ ሰማሁ።
«ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት። ክፍያውን በየወሩ።»
ማዘዣው ላይ ጻፍኩለት፦ አድቪል ከታይለኖል ጋር፣ ምግብ በልተህ፣ በሰዓቱ።
ደግሞ ከሥሩ፣ በትልልቁ፦
እብጠት ወደ ዓይንህ ከወጣ፣ ወደ አንገትህ ከወረደ፣
መዋጥ ካቃተህ፣ ብርድ ብርድ ካለህ፣ ሰኞን አትጠብቅ፤
ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ያኔ ኪኒኗም ትጠራለች፤
ያኔ ቀኗ ነው።

ሊወጣ ሲል ከኮቱ ኪስ፣ በላስቲክ የተቋጠሩ፣
ከመጋቢት የተረፉ አራት ፍሬ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደረደሩ።
«ለክፉ ቀን ብዬ ነበር» አለ አፍሮ፣
እጁን ወደ ጉንጩ መልሶ።

እኔም እኮ፣ ልለው ነበር፣
ለክፉ ቀንህ እንድትተርፍልህ ነው ዛሬ የነፈግኩህ።
አላልኩትም።
በሩ ተዘጋ። ቀይና ቢጫ፣ አራት፤
ደጋግሜ ስቆጥራቸው መሸ።