ስሙን አንተ ታውቀዋለህ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከሆስፒታሉ ጓሮ፣
የጅማ ዝናብ ከሚደበድበው ቆርቆሮ
ሥር ቆማ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ አጥፋ፣
ገንዳው ላይ ግም ብሎ የሳሙና አረፋ፣
አኮ ዲንቄ አንሶላ ታጥብ ነበር፤ ደም የነካካውን፣
ላብ የጠገበውን፣
ሰው ተወልዶበት፣ ሰው ሞቶበት ያደረውን።

ስትጨምቅ ታወራለች።
«ከማን ጋር ነው ወሬው?» ይላታል ዘበኛው።
«ካንተ አይደል» ትለውና ትቀጥላለች ከዚያው፦
«ይህ የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ጌታዬ፤
ያለው ቁጥር ብቻ ነው፣ አርባ ሦስት፣ በቀይ ክር።
ስሙን አንተ ታውቀዋለህ።
እኔ እድፉን ላስለቅቅ፣
ቀሪውን አንተ እወቅ።»

ፊደል አልቆጠረችም። ቁጥር ግን ታውቃለች፣
በአንሶላ ጥግ ላይ አንድ በአንድ ለቅማለች።
ማታ፣ የአዌቱን ድልድይ ተሻግራ፣
በነጠላዋ ጫፍ ግማሽ ዳቦ ቋጥራ፣
ጫማዋን ጭቃ በልቶት ትገባና፣
ለአምስት አፍ ትቆርሳለች፣ ምስጋና ታደርስና።
«ሠላሳ ስድስት ተሻለው፤ አንሶላው ላይ ደም የለም»
ትለናለች፣ እንደ ዘመድ፣ ስለማታየው ሕመም።
«ስድሳ ሁለትስ?» እንላለን።
ዝም ካለች፣ እኛም ዝም እንላለን።

እጇ ሻካራ ነበር፤ ፊታችንን ስትጠርግ ያመናል።
በረኪና ይሸታል።
እስካሁን፣ የትም ብሆን፣ በረኪና ሲሸተኝ
ቤት የገባሁ ይመስለኛል።

እናቴ ሽታዬ የሞተች ሌሊት፣
ታናሽ እህቴን በወለደች ሌሊት፣
አኮ ደረቷን አልመታችም፣ ፊቷን አልነጨችም።
ጠዋት፣ ገና ሳንቀብር፣ ወደ ገንዳው ወረደች።
አለቃዋ «ዛሬስ ሌላ ሰው ይጠበው» አላት።
«ይህን ሌላ ሰው አይነካውም።»
ጎረቤታችን ሲቲና፣ ሻሿ ከራሷ ወድቆ፣
ደረሰች፤ በአንዱ ጫፍ ያዘችላት፣
ሁለቱ ጠመዘዙት።
ውኃው ቀላ። ሳሳ። ጠራ።
ያን ቀን አኮ «ስሙን አንተ ታውቀዋለህ» አላለችም።
«ስሟን እኔም አውቀዋለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።
«ሽታዬ ትባላለች።
ነግሬህ ነበር።»

አርባ ቀን ተኳረፉ፣ እሷና ፈጣሪዋ።
የመድኃኔዓለምን ሥዕል፣ ያለውን ከራስጌዋ፣
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው።
ጾሙን ግን አልገደፈችም፤ ጧፉንም አበራች፣
ለጀርባው።
በአርባ አንደኛው ቀን አቧራውን ጠርጋ
መለሰችው፤
«ልጆቹን ብቻዬን አላሳድግ» አለችው።

አሳደገችን። እንዴት እንደሆነ አልጠየቅናትም፤
ጨቅላዋን አዝላ፣ አራታችንን አስከትላ፣
ስንት ጊዜ ራት «በልቻለሁ» እንዳለች አልቆጠርናትም፤
እኛ ቁጥር አንችልም ነበር እንደሷ።
በኋላ የማጠቢያ ማሽን መጣ፤ ጡረታ ወጣች።
«ማሽኑ ልብሱን ያጥባል፤ ጸሎቱንስ ማን ያደርሳል?»
ብላ ከልቧ ተጨነቀች።

ባለፈው ክረምት ሞተች፣ በእንቅልፏ፣
ቁጥር በሌለው አንሶላ ላይ።
ሲቲና፣ ወገቧ ጎብጦ፣ ማንም ሳይጠይቃት
አንሶላውን ገፍፋ ይዛው ወጣች።
ከጓሮ የውኃ ድምፅ ሰማሁ፣ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል፤
ያለችውን ግን አልሰማሁም።

እኔ እንደ አኮ አላምንም።
ዓመት በዓል ካልሆነ ደጀ ሰላም አልረግጥም።
ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ከአጂፕ መርካቶ፣ ከመርካቶ ጂሬን።
ትናንት አንድ ሽማግሌ ሆስፒታሉ በር ላይ አወረድኩ፤
እሱ ወርዶ፣ ሳሉ ከኋላ ወንበር የቀረ መሰለኝ።
ሂሳብ ልቀበለው ረሳሁ። ስሙንም አልጠየቅኩት።
መቀመጫውን በጨርቅ ስወለውል፣
አፌ እኔን ሳያማክር
ያንኑ ቃል አወጣው።

ከኋላዬ ክላክስ ጮኸ።
ሄድኩ።