ከበር መቃን የተገኘ

አራት ኪሎ ግቢ፣ ከደረጃው ሥር፣
ጋሽ ሽመክት ጉንዳን ይሰፉ ነበር፤
ደረቱን ሳይወጉ፣ በወረቀት ጥግ፣
በሙጫ ጠብታ፣ ቀስ አድርገው በወግ።
ከሥሩ ስሙን፣ ከስሙ ሥር አገር፣
ከአገሩ ሥር ቀን፣ የትንኝ እግር
በመሰለ ፊደል ይጽፉለት ነበር።

እኔ የሄድኩባቸው ብልቃጥ ይዤ ነው።
ቤታችን የፈረሰው ያኔ ማክሰኞ ነው፣
ዶሮ ማነቂያ።
ግሬደሩ ገፍቶት ሲሰበር መቃኑ
ከእንጨቱ ሆድ ዕቃ ፈሰሰ ጉንዳኑ።
«ምስጥ ነው የበላው» አለ ባለ ግሬደር።
ምስጥማ ይበላል፤ ይኸኛው ግን ጭራሽ እንጨት አይቀምስም ነበር፤
ይፈለፍላል እንጂ ጓዳ ሊሠራበት፣
ልክ እንደኛ ሁሉ፣ በሰው ቤት ውስጥ ቤት።
አናጺ ይሉታል፤ መዶሻ የለውም፣
ብናኙን በአፉ ያወጣል፣ አያድርም።
አክስቴ ይመኙሻል ስንት ዓመት ጠረገች፣
«ይህ በር ይፈጫል» እያለች፣ እያለች።

ጋሽ ሽመክት ብልቃጡን ሰሃን ላይ ገልብጠው
በአልኮል የራሱትን አንድ ባንድ ደርድረው
መነጽራቸውን ከግንባር አወረዱ።

አንዱ ራሰ ትልቅ፣ መንጋጋው ጉጠት፣
አንገቱ የማይችለው ሸክም ያለበት፣
ጥቁር።
አንዷ ቀጠን ያለች፣ እግሯ የማር ቀለም፣
ሆዷ ላይ ብጫ ነጥብ፣ ሁለት፣ ምናልባትም
ሦስት፤ ጎኗ ያለችው ላይ ግን ምንም የለም።
መኻል ላይ ደግሞ አሉ፣ ወዲህም ወዲያም ያልሆኑ፣
ለማን እንደሚያደሉ ገና ያልወሰኑ።

«ስንት ዓይነት ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።
«አንድ ናቸው» አሉ፤ «አንዲት ነች እናታቸው።»

ከዚያ ሳቅ አላቸው።
«ድሮ፣ ባሕር ማዶ፣ ለአንድ የተማረ ሰው
የደረቀች ጉንዳን በፖስታ ደረሰው፤
ነጥቧን አየና ነጠብጣቢት አላት።
ሌላው ቅላቷን አይቶ ሌላ ስም ሰጣት።
ሦስተኛው ራሷን፣ አራተኛው ቅልጥም፣
አምስተኛው ካገጯ የበቀለ ጠጉርም
እየቆጠረ ለየ። ስም በስም ላይ ሆነ።
የአንድ ጎጆ ልጅ በሦስት መሳቢያ ተበተነ፤
ታላቅ እዚህ ማዶ፣ ታናሽ እዚያ ማዶ።
እኔም ሠላሳ ዓመት ስሰፋ፣ ስፈታ፣
አንዱን በጠዋት ለይቼ፣ ስቀላቅል ማታ…»
አልጨረሱትም። ሻያቸው በርዷል።

በማግሥቱ ወረዳ፣ መታወቂያ ላድስ፣
ሰልፍ ውስጥ ቆሜያለሁ። ሰው በሰው ሲነክስ
«እንደ ጉንዳን» አልልም፤ ጉንዳን አይጋፋም።
ጸሐፊዋ ቀና አትል፤ ፎርሙም አይሰፋም።
«የቤት ቁጥር?» አለች። ነበረ። «አሁንስ?» የለም።
«ከሌለ አይሞላም። ካልሞላም አይሆንም።»
እጄን አየሁት፣ ብዕሩን እንደያዘ፤
ከወንድሜ ይጠይማል፣ ከእህቴ ይቀላል፣
ጣቴ የአባቴ ነው፣ ጥፍሬ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል።
ከኋላዬ ያለው «ቶሎ በይ» ይላል።

ተመልሼ ሄድኩ፣ አራት ኪሎ፣ ከደረጃው ሥር።
ጋሽ ሽመክት አምስቱን ለጥፈዋቸው ነበር፣
ከራሰ ትልቁ እስከ ቀጭኗ፣ በአንድ ረድፍ፣ በአንድ መሳቢያ።
«የት ነው ያልሽኝ?» አሉ።
ነገርኳቸው። ቁጥሩንም ጭምር።
ሳይጠይቁኝ «አለ ወይ» ብለው፣ ጻፉት፦

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ። የቤት ቁጥር 417።
ከበር መቃን፣ ጥድ። መጋቢት 3።
ሰብሳቢ፣ ትርሲት።

ይህን ሁሉ በቀለም፣ በማይለቅ።
ዝርያ ከሚለው ፊት ሲደርሱ ግን
ብዕሩን ከደኑት፤
ከጆሯቸው ሥር እርሳስ አወጡ፣
በምራቅ ነካ አድርገው
በስሱ ጻፉት።